የአባዬ ጋቢና

ትልቁ መኪናችን በሌላ ትልቅ መኪና ይተካ ወይስ ይቆይ የሚለውን ሦስት ወር ሙሉ ያጠናሁት እኔ ነበርሁ። ሌላ ሰው አብሮኝ አጥንቶት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ጥፋቱን የማካፍለው ባገኘሁ ነበር። ግን ማንም እንዲነካብኝ አልፈቀድሁም። ደብተሩም የእኔ፣ እስክሪብቶውም የእኔ፣ ሐፍረቱም የእኔ ነው።

መኪናው ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ሰፈር ባለው ግቢያችን ከማንጎው ሥር የሚቆም ላንድክሩዘር ነው። ነጭ ነው ይባላል። ወንድሜ ይትባረክ ጎርጎራ ላይ ጀልባ ማሠራት በጀመረ ጊዜ አሮጌውን ገዝቶ ለቤቱ አመጣው። ከኋላ ግራና ቀኝ የሚተያይ አግዳሚ ወንበር ስላለው፣ ስምንት ሰው ተብሎ ዐሥራ ሦስት ይጭናል። ለንግሥ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ሰፈሩ በሙሉ ተሳፍሮበታል። ከፊት ያለው ጋቢና ግን የአባዬ ብቻ ነው። እሳቸው ከሌሉ ትርፍ መቋሚያቸው ይጋደምበታል እንጂ ሰው አይቀመጥበትም። አንዴ ከአዲስ አበባ የመጣ የይትባረክ ባልንጀራ ሳያውቅ ገብቶ ቢደላደል፣ እማዬ መኪናውን አስቁማ ወደ ኋላ አዛወረችው። ሰውየው እስከ ወንዛዬ ፍል ውኃ ድረስ በሰው መሐል ተጣብቆ፣ ጉልበቱን ታቅፎ ሄደ። እኔ ሳቅሁ። እንዲህ ያለው ነገር ያኮራኝ ነበር።

አባዬ መሪጌታ ገድሉ ናቸው። ቅስናም አላቸው፤ ሐይቁ ዳር ባለው ደብር ማሕሌት ሲመሩ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ በመኪና መሄድ ተዉ። የቤቱ ሾፌር እኔ ነኝ። ላድርስዎ ስላቸው፣ በእግር መሄድ ለነፍስም ለሥጋም ነው፣ አንቺ ተኚ ይሉኛል። ጎሕ ሳይቀድ መነሣት ስለማልወድ ነገሩ ተስማማኝ፤ ተኛሁ። ለጎርጎራው ንግሥም ሁለት ዓመት በተከታታይ አገልግሎት አለብኝ ብለው ቀሩ። መቋሚያቸው ብቻውን ጋቢና ተቀምጦ ሄደ፣ ተመለሰ።

ስለ ራሴም ልናገር፤ ያለዚያ ነገሩ አይገባም። ከዐሥረኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ቤት አልሄድሁም። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ከፊደል እስከ ፊደል ያነበብሁ ነኝ፤ መንዳትም፣ ስለ ሞተርም፣ ስለ ግብርም የማውቀውን ያወቅሁት ራሴን አስተምሬ ነው። ዲግሪ የያዙ ጓደኞቼ ማመልከቻ ሊያጽፉ ወደ እኔ ይመጣሉ። ይህን በየአጋጣሚው አነሣለሁ፤ አሁንም አነሣሁት። የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ አላውቅም ከማለት ቁጭ ብዬ ማንበብ ይቀለኛል። ያልተጻፈ ነገር ግን አላነብም ነበር።

ባለፈው ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ አንድ ማለዳ ለውኃ ተነሥቼ አባዬ ከበራችን ሲወጡ አየኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው፣ በጉሙ ውስጥ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ከኋላ ፎቶ አነሣኋቸው። ፌስቡክ ላይም እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «አባቴ ዐሥራ ሦስት ሰው የሚጭን መኪና በግቢያቸው አቁመው ወደ ጌታቸው ቤት በእግራቸው ይሄዳሉ። እናንተስ?»

ከሁሉም በላይ የሚያቃጥለኝ ያ «እናንተስ» ነው።

ጽሑፉ በማግስቱ ከተማውን ሞላው። በዚያው እሑድ የጉባኤው ሰባኪ ከስልኩ አነበበው፤ እማዬ ከሴቶች ወገን ተቀምጣ አንገቷን ደፋች። በደስታ መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ደግሞ ከመስዑድ ጋር ተገናኘን። መስዑድ ከእኛ ቀጥሎ ካለው ጥግ ሱቅ ያላት የዘይነት ባል ነው። ባጃጅ ይነዳል፤ ዕድሜው ሃምሳን አልፏል። ያን ቀን ማለዳ ከበራችን አለፍ ብሎ ካለው እንጨት መሸጫ ጀርባ ባጃጁን አቁሞ ቀስ ብሎ ጥሩምባ ነፋ። ወጥቼ፣ ያውም አንተ እያልሁ፣ እዚህ የሚሳፈር ሰው እንደሌለ፣ አባቴ በእግራቸው እንደሚሄዱ፣ ይህን ባሕር ዳር ሁሉ እንደሚያውቅ ነገርሁት። «ማንበብ ትችል የለ?» አልሁት። መስዑድ መሪውን ጨበጠ። ከዚያ፣ «አንብቤዋለሁ እቱ። ጥሩ አድርገሽ ጽፈሻል» ብሎ ባጃጁን አዞረና ሄደ። ሲያሾፍ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ተናደድሁ።

ወደ መኪናው ልመለስ። ባለፈው ክረምት ሞተሩ ዘይት ይበላ ጀመር። ናፍጣ ለመቅዳት ሰልፍ ላይ ሁለት ቀን መዋል የተለመደ ነው። ነዳጅ የሚጠጣ መኪና ከውጭ አይገባም ከተባለ ወዲህ፣ አሮጌ ትልቅ መኪና ያለው ሁሉ ግራ ገብቶታል። ይትባረክ ከጎርጎራ ደውሎ ወይ እናድሰው ወይ እንለውጠው፣ አጥንተሽ ንገሪኝ አለኝ። ደብተሬን ገዛሁ። አንደኛ፣ የእኛው ሞተር ይታደስ። ሁለተኛ፣ እዚሁ አገር ውስጥ ያለ ሌላ የናፍጣ ትልቅ መኪና። ሦስተኛ፣ ሰባት ሰው የሚይዝ የኤሌክትሪክ ትልቅ መኪና። በአንድ ቻርጅ ጎንደር ደርሶ ስንት እንደሚተርፈው፣ ዳገት ላይ ምን ያህል እንደሚበላ፣ ጎማው በጠጠር መንገድ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ አንድም ያልጻፍሁት የለም። ትንሽ መኪና የሚባል ዓምድ አልነበረኝም። ጎረቤታችን አስተማሪው ሚጢጢ የኤሌክትሪክ መኪና ይዞ የመጣ ዕለት፣ «ይገቡባታል ወይስ ይጫሟታል?» ብዬ ሰፈሩን አስቄ ነበር። የመሪጌታ ገድሉ ቤት ጫማ አይገዛም።

ይትባረክ የመጣ ዕለት ከምሳ በኋላ ደብተሬን ዘርግቼ አስረዳሁ። ጥቁሩን የኤሌክትሪክ መኪና ነበር የመረጥሁት፤ ሀዲስ የሚባለው ደላላ አንድ ይዟል። ይትባረክ አንቺ ካልሽ አለቀ አለ። እማዬ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። አባዬ ዳዊታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«የጋቢናው ወንበር ከመሬት ምን ያህል ይርቃል?»

ደስ አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ዋጋ ይጠይቅ ነበር፣ አባዬ ግን ቁም ነገር ጠየቁ ብዬ፣ ቁጥሩን ከደብተሬ አነበብሁላቸው። ከአሮጌው በአንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይላል፣ ድንጋይም ጎርፍም አይደፍረውም፣ ጋቢና ሆነው ጣናን ከዳር እስከ ዳር ያዩታል አልኋቸው።

«እግዚአብሔር ይባርከው» አሉና ዳዊታቸውን ገለጡ።

እማዬ ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር። አባዬ ሲያዩዋት ዘጋችው። ይህን አሁን ሳስበው ነው የማየው፤ ያን ጊዜ ዓይኔ ደብተሬ ላይ ነበር።

ለሙከራ እሑድን መረጥሁ። ቦታውንም የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ ቅዳሴ ሲወጣ የደብሩ በር ላይ። ለሀዲስ መኪናውን አሳጥበህ፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዙረህ አቁመው አልሁት። ስልኬንም ሰጠሁትና፣ አባዬ ሲባርኩትና ሲገቡበት ቅረጽ አልሁት። ምን ብዬ እንደምጽፍ ሁለት ቀን አስቤበታለሁ።

አባዬ ሲወጡ ሰው መስቀል ሊሳለም ከበባቸው። ያ ጽሑፍ ከወጣ ወዲህ የሚሳለማቸው በዝቷል፤ ከደብሩ በር እስከ መንገዱ ለመድረስ ብቻ ግማሽ ሰዓት ይቆማሉ። በመጨረሻ እኛ ዘንድ ደረሱና መኪናውን ባረኩት። የጋቢናውን በር ከፈትሁ።

ከዚህ ሆኜ ባርኬዋለሁ፣ ይበቃል አሉ። እኔ አልበቃኝም። የተሰበሰበውን ሰው አየሁና፣ «አባዬ፣ ለመኪና ደግሞ ጾም አለው እንዴ?» አልኋቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። መቋሚያቸውን አስያዙኝ፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፣ በቀኝ እጃቸው መያዣውን ያዙና ግራ እግራቸውን መርገጫው ላይ አደረጉ።

እግራቸው ወጣ። ሌላው አካላቸው አልተከተለውም። እንደገና ሞከሩ። በሦስተኛው ከጉሮሯቸው አንድ ድምፅ ወጣ፤ ማቃሰት አይደለም፣ አንድ ነገር ለመዋጥ የሚታገል ሰው የሚያሰማው ዓይነት ነው። እኔ ጫማቸው ያንሸራተታቸው መስሎኝ፣ ይትባረክን ደግፋቸው አልሁት። እሱ ከኋላ ገፋ፣ እኔ ከጎን ክንዳቸውን ወደ ላይ አነሣሁ፤ አባቴን እንደ ጤፍ ከረጢት ጫንናቸው። ሲገቡ ሱሪያቸው ተገፍፎ ጉልበታቸው ታየ። ቅል አክሎ አብጧል። ዙሪያውን በእማዬ አሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ተጠምጥሟል።

እማዬን ዘወር ብዬ አየኋት። መሬት መሬት ታያለች። ሀዲስ ስልኬን ወደ ላይ አንሥቶ ይቀርጻል።

አባዬ ጋቢናው ውስጥ ሆነው ፊታቸውን ላብ አጥለቅልቆት ለሰዉ ፈገግ አሉ። ከጎኔ የቆመች ሐመልማል ጥለት ያለው ነጠላ የለበሰች ሴት ለጓደኛዋ፣ «ትሕትናቸው እኮ ነው። ከፍ ያለ ነገር ላይ መቀመጥ አይወዱም» አለቻት። ሌሎችም አዎ እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ቃል ከየት እንዳገኙት አውቃለሁ። እኔው ነኝ የሰጠኋቸው።

መውረዱ ደግሞ ከመውጣቱ ባሰ። አልናገረውም። ወርደው መቋሚያቸውን ከእጄ ወሰዱ። በሰዉ ትከሻ ላይ ተሻግረው ወደ ዛፎቹ ጥላ አዩና፣ «መስዑድ ከዚያ አለ?» ብለው ጠየቁ።

መስዑድ ነበር፤ እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ከዛፎቹ ሥር ተሳፋሪ ይጠብቃል። ባጃጁን ነድቶ አጠገባቸው አቆመ። አባዬ ጀርባቸውን ሰጥተው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ፤ ከዚያ አንዱን እግር በእጃቸው አንሥተው አስገቡ፣ ሌላውን አስከተሉ። መቋሚያውን በትከሻቸው በኩል አሾለኩት። ምንም አልከበዳቸውም። መቶ ጊዜ ያደረገው ሰው የሚያደርገው ነው። መስዑድም የት ቦታ መያዣውን እንደሚጨብጡ ያውቃል፤ ሳያዩት ቀድሞ የራሱን ጃኬት ከመያዣው ላይ አነሣላቸው።

«ነዪ፣ ቃልዬ» አሉኝ።

ገባሁ። ከሐይቁ ዳር ወጥተን ወደ ዘንባባዎቹ መንገድ ገባን። ከዚያ አንድ አንድ እያልሁ ጠየቅሁ፣ እነሱም ነገሩኝ፤ አብዛኛውን መስዑድ ነው፣ አባዬ ያርሙታል። ጉልበታቸው መኪናው ላይ መውጣት እምቢ ያላቸው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ደግፈው ያውጡኝ ማለት አሳፈራቸው። መስዑድ አንድ ማለዳ መንገድ ላይ ሲያነክሱ አይቷቸው አሳፈራቸው፤ ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ከእንጨት መሸጫው ጀርባ እየቆመ ይጠብቃቸዋል። ወደ በራችን አይቀርብም፤ መሪጌታ መኪና እያላቸው በባጃጅ ሄዱ እንዳይባል። ስለዚህ እኔ በጉሙ ውስጥ ያነሣሁት ፎቶ፣ ያ ሺህ ሰው ያመሰገነው ጉዞ፣ ከበራችን እስከ እንጨት መሸጫው ያለችው ስልሳ እርምጃ ነበረች።

«ከዚያ በኋላስ?» አልሁ። መልሱን እየፈራሁት።

መስዑድ በመስተዋቱ አየኝ። «አንቺ ተቆጥተሽ የመለስሽኝ ዕለት ከሰዓት ደብሩ ድረስ ሄጄ ነገርኋቸው። ልጅዎ በእግር ነው የሚሄዱት ብላለች፣ ምን ይሻላል አልኋቸው። ምን አሉኝ መሰለሽ?»

«ተወው መስዑድ» አሉ አባዬ።

«ልጄ ከጻፈችው እንግዲህ በእግሬ ነው አሉኝ።»

ዓመት ሙሉ። ለእኔ ሃያ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ መንገድ ነው፤ ለእሳቸው ከአንድ ሰዓት በላይ። በዝናብም፣ በጭቃም። እኔ ተኝቼ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው። «አጥፊው ቢሉኝ አጠፋው አልነበረም?»

አባዬ የመቋሚያቸውን ራስ በአውራ ጣታቸው ሲያሹ ቆዩ። «ሰዉ ወደደው፤ አንቺም ደስ ብሎሽ ነበር» አሉ። «ስትጽፊው ሐሰት መሆኑን አላወቅሽም። ልጄ ሐሰት ጻፈች እንዳይባል እውነት አደረግሁት። ያን ያህልስ ምን አለበት ብዬ ነበር። ኋላ ግን ከበደኝ።»

«ስለ መኪናው ከፍታ የጠየቁኝ ጊዜስ?»

«ሦስት ወር ደክመሽበታል፣ ልጄ።»

ፊቴን ወደ መንገዱ አዙሬ፣ ዛሬውኑ ጽሑፉን አጠፋዋለሁ፣ እውነቱንም እጽፋለሁ አልሁ።

«እውነቱን ስትጽፊ ጉልበቴን ልታሳዪ ነው?» አሉኝ።

እሱን አላሰብሁትም ነበር። ለካ ልጽፍ ያሰብሁት የሐፍረቴ ጽሑፍም እንደ ፊተኛው ያማረ እንዲሆን ፈልጌ ኖሯል፤ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር በልቤ ጀምሬዋለሁ።

«አጥፊው» አሉ። «ከዚያ ወዲያ የጠየቀሽ ካለ በአፍሽ ንገሪው። አንድ ሰው ሲጠይቅሽ ለአንድ ሰው።»

የንስሐ አባቴ ሌላ ቄስ ናቸው። ቀኖና የተቀበልሁት ግን ያን ቀን፣ በባጃጅ ውስጥ ነው።

ቤት ስንደርስ ይትባረክና ሀዲስ ቀድመውናል። ሀዲስ ሌላ ፈላጊ አለኝ፣ ዛሬውኑ ቁርጡን ንገሩኝ አለ። በመጀመሪያ ስልኬን ተቀብዬ የቀረጸውን አጠፋሁ። ቀጥዬም አንወስደውም አልሁ። ይትባረክ ወደ ጓሮ ወሰደኝ። እሱም ጉልበቱን አይቷል፤ አልካደም። ግን ዝቅ ያለ መርገጫ እናሠራለታለን፣ እኔ በመጣሁ ቁጥር ደግፌ አስገባቸዋለሁ አለ። ለንግሥ ሰፈሩን በምን ልንወስድ ነው፣ ሰውስ ምን ይላል አለ። ሁሉም የእኔው ቃል ነው፤ ከደብተሬ ነው የሚያነብልኝ።

«ደብተሩ ተሳስቷል» አልሁት። ይህን ዐረፍተ ነገር በሃያ ስድስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገርሁት። «አሮጌው ሞተሩ ይታደስና ለሰፈሩ ይቆይ። ለአባዬ ዝቅ ያለ ትንሽ መኪና እንግዛ። ማለዳ እኔ አደርሳቸዋለሁ።»

«ያቺን ጫማ?» አለኝ።

«ያቺን ጫማ።»

ሊስቅ ፈልጎ ፊቴን ሲያየው ተወው። ለሀዲስ የሚለውን ሊለው ወጣ።

ጽሑፉን አጠፋሁት። በአንዲት ጣት ነው የሚጠፋው። ከሰዉ ራስ ግን አልጠፋም፤ በማግስቱም አባዬን መንገድ ላይ እያስቆሙ ጫማቸውን ሊስሙ ያጎነብሱ ነበር።

ሰኞ ረፋድ ላይ ክርና መቀስ ይዤ ወደ ዘይነት ሱቅ ሄድሁ። መስዑድ ባጃጁን ሱቁ ፊት አቁሞ ሻይ ይጠጣል። ይቅርታ ልጠይቀው ያዘጋጀሁት ቃል ረጅም ነበር፤ ፊቱ ስደርስ ሁሉም ጠፍቶ፣ «ጋሽ መስዑድ፣ እርስዎን ያን ቀን አንተ ብዬዎታለሁ» ብቻ አልሁት።

«አንተ ማለትሽንስ ይቅር ብያለሁ» አለኝ ብርጭቆውን እያስቀመጠ። «ማንበብ ትችል የለ ያልሽኝን ግን ለዘይነት ነግሬያት እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች።» ዘይነት ከውስጥ ሆና፣ ማንበቡንማ መነጽሩን ካገኘ ይችላል አለች።

ከነገ ማለዳ ጀምሮ እስከ በራችን እንዲመጣ ለመንሁት፤ እኛ መኪናውን እስክናገኝ። በሩ ድረስ? ሰው ያያል እኮ አለኝ። ይይ አልሁ። ከዚያ ባጃጁ ሥር ተንበርክኬ ክሩን ከመሬት እስከ ወንበሩ ዘረጋሁ። የምንገዛው መኪና ወንበር ከዚህ ክር ማለፍ የለበትም። በደብተሬ ውስጥ ያን ሁሉ ቁጥር ስጽፍ ይህን አንዱን አለካሁም።

ክሩን ልቆርጠው ስል በላዬ ጥላ ወደቀ። ቀና ስል እሑድ ከጎኔ የቆመችው ሴት ናት፤ ስኳር ልትገዛ መጥታለች። ምን እየለካሽ ነው አለችኝ። የባጃጁን ወንበር አልኋት። ለምን አለች።

ውሸቱ ምላሴ ላይ ነበር። የወንበር ልብስ ላሰፋ ነው ማለት ይቻላል፤ ያምራል፣ አጭር ነው፣ ማንም አይጠረጥረውም። መስዑድ ብርጭቆውን አንሥቶ ወደ ሌላ አቅጣጫ ማየት ጀመረ።

«አባዬ ጉልበታቸውን ይታመማሉ» አልሁ። «ሁለት ዓመታቸው ነው። ከፍ ያለ መኪና ላይ መውጣት አይችሉም። ትሕትና አይደለም። በባጃጅ ይሄዱ ነበር፤ ከባጃጅ አውርጄ በእግራቸው ያስኬድኋቸው እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ክሩን አየች፣ እኔን አየች። ጉልበቴ አፈር ላይ ነው፤ ክሩን በሁለት እጄ ወጥሬ ይዣለሁ።

«ያን ጽሑፍ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለችኝ።

«ነኝ» አልሁ።

የምትለው ነገር እስኪመጣላት አልጠበቅሁም። ክሩን ቆረጥሁና ጫፉን ቋጠርሁት።